የሚነገረውና የሚገኘው

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ሕፃን ልጅ ትምህርት የሚጀምርባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ጥንታዊው ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ የኔታ ፊደል የሚያስቆጥሩበት። ሁለተኛው ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተስፋፋው፣ ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚቆዩበት «ኦ ክፍል» ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የነበረው ጥቅል ተሳትፎ 5 ከመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ወደ 46 ከመቶ ተጠግቷል። የበሩ መከፈት አከራካሪ አይደለም። የሚያከራክረው ልጁ ገብቶ ምን ይሥራ የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ ፊደል የሚያስቆጥሩ አንድ የኔታንና አንዲት የኦ ክፍል መምህርትን ያነጋግራል። ሁለቱም ለክርክሩ የተፈጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ክርክሩ ግን በየቀበሌው ያለ ነው።

የኔታ፦ እስቲ ልጄ፣ በግልጽ ልጠይቅሽ። ኦ ክፍል ሲከፈት እኛም ደስ ብሎን ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ በግ ተከትሎ ከሚውል ፊደል ቢቆጥር ማን ይጠላል? አሁን ግን ወላጅ መጥቶ የሚያጫውተኝ ሌላ ነው። ልጁ ጠጠር ሲደረድር፣ ጭቃ ሲያድቦለቡል ውሎ ይመጣል፤ «ምን ተማርክ?» ሲሉት «ተጫወትን» ይላል። ጨዋታማ ከቤት መች ጠፋ? ሰኞ ማክሰኞውን፣ ቅልብልቦሹን፣ እቃቃውን ያለ አስተማሪ ያውቁታል። እዚህ አገር ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ሲልክ አንድ እረኛ፣ አንድ ውሃ ቀጂ እየጎደለበት ነው። ያንን የሚያደርገው ቤቱ የሌለውን ነገር ልጁ እንዲያገኝለት ነው፤ ቤቱ የሌለው ደግሞ ፊደል ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ታዲያ ቤት የተረፈውን ጨዋታ ትምህርት ቤት ድረስ ምን አስኬደው?

መምህርቷ፦ የኔታ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃ ይሆናል፤ ሳያቦካ ማቡካት የተማረ ግን የለም። ዋናው ነገሬ ይህ ነው፦ ልጅ የሚማረው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ካልተነገረው በምንም ሊደርስበት አይችልም። ይህ ምልክት «ለ» ነው፣ ከሰኞ ቀጥሎ ማክሰኞ ነው፣ ታላቅ ሲመጣ ከመቀመጫ ይነሣሉ፤ እነዚህ ሰዎች ተስማምተው ያቆሟቸው ናቸውና ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ቢያስብ አያገኛቸውም። መንገር ነው። ሌላው ግን ቢነግሩትም የማይገባው፣ በእጁ ነክቶ፣ ሞክሮና ተሳስቶ ሲደርስበት ብቻ የሚይዘው ነው። ሰባት ጠጠር ተጠጋግቶም ተራርቆም ቢቀመጥ ያው ሰባት መሆኑን ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ መቶ ጊዜ ቢነግሩት ዞሮ ዞሮ «የተራራቀው ይበዛል» ይላል። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ፒያዤ ይህንን በልጆች ላይ ደጋግሞ አሳይቷል፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሕፃናት ከገመተው በላይ ያውቃሉ ብለው ቢያርሙትም፣ ሰዎች የተስማሙበት እውቀትና ልጁ ራሱ የሚገነባው እውቀት የተለያዩ ናቸው ያለው እስከ ዛሬ ይጠቅመናል። እንግዲህ የምለው የሚነገረውን እንንገር፣ የሚገኘውን ልጁ እንዲያገኘው እንተውለት ነው። የኦ ክፍሎቻችን ችግር ጨዋታ መብዛቱ አይደለም። የሚነገረውንም የሚገኘውንም በአንድነት ሰሌዳ ላይ ጽፈን በጩኸት ማስደገማችን ነው።

የኔታ፦ በጩኸት ስትይ እኛን መንካትሽ ነው። ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ፣ መቶ ሃምሳውን መዝሙረ ዳዊት የሚደግመው በጩኸት ነው። ትርጉሙ ያን ጊዜ ላይገባው ይችላል። ግን በቃሉ የያዘው አብሮት ያድጋል፤ በኋላ ሲመረምረው የሚመረምረው ነገር አያጣም። ከዚህ ከሸዋችን የወጡት ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ፊደል ገበታውን አሳትመው በየአገሩ ባያዳርሱት ኖሮ ስንቱ ገበሬ ስሙን መጻፍ በቻለ? ያ ሁሉ ሰው የተማረው በመድገም ነው። የተፈተነን መንገድ ትቶ ያልተፈተነ ላይ መሄድ ምን ይባላል?

መምህርቷ፦ መድገምን አልነቀፍኩም፤ ለሚነገረው ነገር መድገም ትክክለኛው መንገድ ነው። እኔ የምለው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከእርስዎ ቤት የወሰደው ጩኸቱን ብቻ ነው፤ ዋናውን ትቶታል። እርስዎ ዘንድ ዕድሜን ቆጥሮ ክፍል የሚመድብ የለም። ልጁ አንድ በአንድ እየቀረበ ያስደምጣል፤ የያዘ ያልፋል፣ ያልያዘ እዚያው ይቆያል እንጂ «ክፍሉ ወደፊት ሄዷል» ተብሎ አይጎተትም። ቀድሞ የዘለቀው ተከታዩን ያስቆጥራል። ይህ በልጁ አቅምና ፍጥነት የሚሄድ ትምህርት ነው። እኛ ግን ስድሳና ሰባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አስገብተን አንዱን ፊደል በአንድ አፍ እናስብለዋለን፤ ማን እንደያዘ፣ ማን ከንፈሩን ብቻ እንዳንቀሳቀሰ አናውቅም። ውጤቱን በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የተደረገው የጀማሪ ንባብ ምዘና አሳይቶናል፤ ሁለተኛ ክፍል ከደረሱት ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ጨዋታ የበዛባቸው አልነበሩም። በአብዛኛው ሲደግሙ የኖሩ ነበሩ።

የኔታ፦ ይህንንማ አባቶች ቀድመው አውቀውታል። ልጅ ዜማው ይወርድለትና ፊደሉን ሳያይ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሊያንበለብለው ይችላል። ለዚህ አይደል አቡጊዳ የተሠራው? አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ሲባል የለመደው ተራ ይፈርሳል፤ ዓይኑ ፊደሉን ካላወቀው ምላሱ አያድነውም። እንግዲህ የእኛ መንገድ መድኃኒቱንም ከራሱ ይዟል። ጠጠርና ጭቃ ምን ያደርጉለታል?

መምህርቷ፦ ግሩም ምሳሌ ሰጡኝ፤ ወደ ራሱ ወደ ፊደሉ እንግባ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ለአንድ ሕፃን 231 የማይገናኙ ምልክቶች መያዝ ከባድ ነው። ነገር ግን አይገናኙም እንዴ? ግዕዙ «በ» መሆኑ የሚነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ብዙው የሚገኝ ነው። «ቡ» ላይ ወገቡ ጋ አንዲት ቅጥያ ወጣች፤ «ሉ»፣ «ሱ»፣ «ኩ» ላይም እዚያው ወገቡ ላይ ናት። «ቢ» ላይ ያችው ቅጥያ ወደ እግሩ ወረደች። «ባ» ላይ ቀኝ እግሩ ረዘመ፤ «ቤ» ላይ እግሩ ቀለበት አገኘ። አሁን ለአንድ ልጅ ከገመደው ሣር የተሠራ «በ» እና አንዲት የበግ ጠጉር ጉንጉን እንስጠው። ጉንጉኗን ወገቡ ላይ ሲያደርጋት «ቡ» ነው፤ እግሩ ሥር ሲያወርዳት «ቢ» ይሆናል። አራት ፊደል ከሞከረ በኋላ አይቶት የማያውቀውን «ሸ» ሰጥተነው «እስቲ ሹ አድርገው» ብንለው ጉንጉኗን የት እንደሚያስቀምጣት ማንም አይነግረውም፤ ያውቃል። «ረ» እና «ፈ» ጋ ሲደርስ ደንቡ ይፈርስበታል፤ ይገረማል፣ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ «እነዚህ ለብቻቸው ናቸው» ብለን እንነግረዋለን። የተነገረውም አይረሳውም፣ ጠይቆ ያገኘው ነውና። ፊደል እንኳ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚነገር የሚመስለው ፊደል፣ ግማሹ ለልጁ እጅ የተተወ ሥራ አለው።

የኔታ፦ ይህ መልካም ነው፤ ግን ያንቺ እጅ አለበት። አራቱን ፊደል የመረጥሽው አንቺ፣ ጠጉሩን የሰጠሽው አንቺ፣ «ሹ አድርገው» ያልሽው አንቺ። ልጁ መራ የምትሉት ይህንን ከሆነ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። ወይም በእርግጥ ልጁ ደስ ያለውን ይሥራ ብላችሁ ትታችሁት ከሆነ ደግሞ እረኛ የሌለው መንጋ ነው፤ አዝመራ ገብቶ ያድራል። ከሁለቱ የትኛው ነው?

መምህርቷ፦ ያለ እረኛ መተው እንደማይሠራ ጥናቱም ይስማማዎታል። እ.ኤ.አ. በ2011 አልፊየሪና ባልደረቦቹ 164 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው ነበር። ተማሪው ብቻውን እንዲያገኝ የተተወበት ትምህርት በግልጽ ከተነገረበት ትምህርት ያነሰ ውጤት አሳየ። ነገር ግን መምህሩ እየጠየቀ፣ እየጠቆመ፣ ልጁ ያገኘውን እንዲያስረዳ እያደረገ ሲያግዝ ውጤቱ ከሌሎቹ መንገዶች ሁሉ በለጠ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሕፃናት ላይ የተሠሩ 39 ጥናቶችን ተመልክተው፣ ታላቅ ሰው የሚያግዘው ጨዋታ በመጀመሪያ ደረጃ ሒሳብ፣ ቅርጽን በማወቅና ሐሳብን ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ በማዞር ቀጥታ ከማስተማር የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ «ልጁ ይምራ» ስንል መምህሯ ትተኛ ማለት አይደለም። ቁሳቁሱን የምትመርጠው፣ ጥያቄውን የምታቀርበው እሷ ናት፤ ከጥያቄው እስከ መልሱ ያለውን መንገድ የሚሄደው ግን ልጁ ነው። እርስዎ ቅኔ ቤት አልፈው ያውቁታል። መምህሩ መንገዱን ያሳያሉ፤ ተማሪው ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ጉባኤ ቃናውን ይዞ ይመጣና ይነግራል፤ መምህሩ ያቃናሉ። ትናንት ሌላ ተማሪ የነገረውን ይዞ ቢመጣ ማን ይቀበለዋል? ከተማሪው አዲስ ነገር የሚጠበቅበት ትምህርት በዚህ አገር ለዘመናት ኖሯል። ጥያቄዬ ያ ነጻነት ልጁ ጎልምሶ ቅኔ ቤት እስኪደርስ ለምን ይጠብቅ የሚል ነው።

የኔታ፦ ቅኔ ቤት የሚገባው ዳዊት የደገመ ነው፤ ባዶ እጁን የመጣ አይቆጥርም። ግን ይሁን። የሕፃን ሥራ ውስጥ እገዛው እንዴት እንደሚሆን አሳይኝ። ሒሳቡን ልየው።

መምህርቷ፦ የመንዝ ቤት የማያጣውን ባቄላ እንውሰድ። ከዋዜማው የተነከረ ዐሥራ ስምንት ባቄላ ለአራት ልጆች ሰጥተን «እኩል ተካፈሉ» እንበል። መጀመሪያ አንዱ ዓይነ ደፋር በእፍኙ ያድላል። ወዲያው ጠብ ይነሣል፤ «የሱ ይበዛል»። መምህሯ አትፈርድም፤ «በምን አወቃችሁ?» ትላለች። አንዷ የሁሉንም በመስመር ትደረድራለች፤ የማን እንደረዘመ ይታያል። መልሰው ይሰበስቡና አንድ ላንተ፣ አንድ ላንቺ እያሉ ያድላሉ። አራት አራት ይደርሳቸውና ሁለት ይተርፋል። ሁለቱ ለአራት አይበቃም። አንዱ «ለመምህሯ እንስጣት» ይላል፤ ሌላው «እንጣለው» ይላል። መምህሯ አሁንም መልሱን አትናገርም፤ «ሌላ መንገድ የለም?» ብላ ዝም ትላለች። ከዚያ የአንዱ ልጅ ጣት ልጣጩን ይገፈዋል፤ ባቄላው ራሱ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ አራት ሆነ። ሁሉም ይጮኻሉ። ይህን ጊዜ ነው የመምህሯ ንግግር የሚመጣው፦ «ይህ ግማሽ ይባላል። ለያንዳንዳችሁ አራት ተኩል ደረሳችሁ።» ይመልከቱ የኔታ፣ ግማሽነቱን ልጆቹ አገኙት፤ ስሙን መምህሯ ነገረች። ነገሩን ቀላቅላ «ግማሽ ማለት ከሁለት አንድ እጅ ነው፣ በሉ» ብላ ብታስደግማቸው ኖሮ ቃሉ በአፋቸው ይቀር ነበር እንጂ አራተኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይ ሲመጣ አይደርስላቸውም።

የኔታ፦ በአራት ልጅ ያምራል። ነገር ግን አንደኛ ክፍል የሚጠብቃቸው መምህር ባቄላ አይጠይቃቸውም፤ ፊደል ይለዩ እንደሆነ፣ እስከ መቶ ይቆጥሩ እንደሆነ ነው የሚጠይቃቸው። ከተማ ያለው፣ በግል አፀደ ሕፃናት ደብተር እየሞላ የመጣው ልጅ ይቀድማቸዋል። የድሃ ልጅ ላይ ሙከራ መሥራት ይከብዳል፤ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

መምህርቷ፦ መቅደሙ እውነት ነው፤ ጥያቄው እስከ መቼ የሚል ነው። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት ለድሃ ቤተሰብ ልጆች የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ቦታው ከአመልካቹ ያነሰባቸው ትምህርት ቤቶች በዕጣ መደቡ። የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ሦስት ሺህ ያህል ልጆች ተከታተሉ። በዓመቱ መጨረሻ የተማሩት ፊደልና ቁጥር በማወቅ ቀድመው ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሳይደርሱ ልዩነቱ ጠፋ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዳሳየው ስድስተኛ ክፍል ላይ በፈተናም በሥነ ምግባርም ካልተማሩት አንሰው ተገኙ። ምክንያቱን ጥናቱ ራሱ አላረጋገጠም፤ ስለዚህ «ጨዋታ ስላጡ ነው» ብዬ አልደመድምም። አንድ ነገር ግን በእርግጥ ያስተምራል፦ በመጀመሪያው ዓመት የታየ ቀዳሚነት ዘላቂ እውቀት አይደለም። የፊደል ስም መቁጠርን ሌሎቹም ልጆች አንደኛ ክፍል ገብተው በጥቂት ወር ይደርሱበታል። ማሰብን፣ መታገሥን፣ ያሰቡትን ማስረዳትን ግን የትኛውም ክፍል ለብቻው አያስተምረውም። የድሃ ልጅ ሁለተኛ ዕድል ከሌለው የመጀመሪያው ዓመቱ ቶሎ በሚከስም ነገር ብቻ መሞላት የለበትም።

የኔታ፦ ሌላም አለ፤ ወላጅ በአፉ የማይናገረው። በዚህ አገር ጭቃ አድቦልቡሎ፣ ጠጉር ፈትሎ፣ ብረት ቀጥቅጦ መኖር ክብር አልነበረውም። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በአደባባይ ሲሰደብ ኖሯል። ወላጅ ልጁን የሚያስተምረው ከጭቃ እንዲወጣለት ነው። አንቺ መልሰሽ ጭቃ ውስጥ ስታስገቢው ምን ይሰማው?

መምህርቷ፦ ከሁሉ ከባዱን ነገር አነሡ። ንቀቱ ያረጀ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ የእጅ ባለሙያን መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ አስተሳሰቡን አልነቀለም፤ ሰነፍ ተማሪ ዛሬም «እንግዲህ ወደ እጅ ሥራ» ይባላል። የመንዝን ባና ያየ ሰው ግን የእጅ ሥራ ያለ አእምሮ ይሠራል አይልም። ጠጉሩ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ሸማኔው ድሩን ቆጥሮ ይዘረጋል፤ አንዱ ቁጥር ቢሳሳት መስመሩ ይጣመማል። ትምህርት ቤት ይህን ሲንቅ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን እውቀት ደጅ ጥሎ እንዲገባ ይነግረዋል። ወላጅን ማሳመን ግን በስብሰባ የሚሆን አይመስለኝም። በጋና ዋና ከተማ አክራና አካባቢዋ በሚገኙ 240 ትምህርት ቤቶች መምህራንን በጨዋታና በልጅ ተኮር ዘዴ አሠልጥነው እየተከታተሉ አገዙ፤ የክፍሉ አያያዝም የልጆቹም ውጤት ተሻሻለ። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች በላዩ ላይ ወላጆችን ሰብስበው የጨዋታን ጥቅም በቪዲዮ አስረዱ። ያ ይረዳል የተባለው ስብሰባ የሥልጠናውን ጥቅም አልጨመረም፤ እንዲያውም አዳከመው። ስለዚህ ወላጅን ማስተማር ትቶ ወላጅን አስተማሪ ማድረግ ይሻላል። ፈታይዋ እናት እንዝርቷን ይዛ ለአንድ ጠዋት ክፍል ብትገባ፣ ልጆቹ ክሩ ለምን እንደሚበጠስ ሲጠይቋት ብትሰማ፣ ጨዋታው ምን እንደሆነ ከማንም ንግግር በላይ ይገባታል። የሷም እጅ ክብር ያገኛል።

የኔታ፦ ክብር ካነሣሽ አይቀር መታዘዝስ? የኛ ልጅ ታላቅ ሲናገር ዝም የሚል፣ ሲላክ የሚሮጥ ነው። ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ መንዝ ተቀምጦ ስለ አማራ ባህል «ሰምና ወርቅ» ብሎ በ1965 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ታዛዥነታችንን አንሥቷል አሉ። እናንተ «በምን አወቅህ?»፣ «ሌላ መንገድ የለም?» እያላችሁ የምታሳድጉት ልጅ ነገ አባቱን «በምን አወቅህ?» ይለዋል።

መምህርቷ፦ ሊለው ይችላል፤ አባትየው መልስ ካለው መከባበሩ አይቀንስም። ነገር ግን ልጅ ራሱን መግዛት የሚማረው የት እንደሆነ እንመልከት። ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጅ መስመር ከረገጠች ተራዋን ትለቃለች፤ የሚገርፋት የለም፣ የሚያያትም ላይኖር ይችላል። ቅልብልቦሽ ላይ ጠጠሩ ከወደቀበት ያቀብላል። አኩኩሉ ላይ ዓይኑን የጨፈነ ልጅ ማየት እየቻለ አያይም። የሩሲያው ሌቭ ቪጎትስኪ ልጅ ከሁሉ በላይ ራሱን የሚገታው በጨዋታ ውስጥ ነው ያለው ይህንን አይቶ ነው፤ ደንቡን ካላከበረ ጨዋታው ይፈርሳል፣ ጨዋታው እንዳይፈርስ ደግሞ ይፈልጋል። በአርጩሜ የታዘዘ ልጅ አርጩሜው ሲሄድ ይፈታል። ደንብ ለምን እንደሚያስፈልግ በጨዋታ የገባው ልጅ ግን ማንም ሳያየው ይጠብቀዋል። የመንዝን የጓሳ ሣር አባቶቻችን በራሳቸው ደንብ፣ ማጨጃው ሲከፈት እያጨዱ ሲዘጋ እየጠበቁ ለብዙ ትውልድ ያቆዩት በዚህ ዓይነት ስምምነት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሣር ጠባቂ ማቆም አይቻልማ።

የኔታ፦ እሺ፤ ሐሳቡን ልቀበልሽና ሥራው ላይ ልያዝሽ። ስድሳ ልጅ፣ አንዲት መምህርት፣ ጠባብ ክፍል፣ ለትልልቅ ተማሪ የተሠራ ዴስክ። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነን፤ ጠዋት ውርጭ ነው፣ ልጁ ጭቃ አይነካም። በዚያ ላይ በ2014 የሰሜኑ ጦርነት እዚህ ድረስ መጣ፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል። የሞንቴሶሪ ዕቃ ከየት ይመጣል?

መምህርቷ፦ ዕቃው ከሩቅ መምጣት የለበትም፤ ሐሳቡም የተወለደው በሀብታም ቤት አልነበረም። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈተችው ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር ነው፤ ስሟ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የውድ ክፍያ ማስታወቂያ ሆኖ መቅረቱ ሌላ ነገር ነው። በዚያው በኢጣልያ በ1945፣ ጦርነቱ ባለቀ በቀናት ውስጥ፣ ሬጆ ኤሚሊያ አቅራቢያ ያሉ መንደርተኞች ጀርመኖች ጥለው የሄዱትን ታንክ፣ ካሚዮንና ፈረሶች ሸጠው በዚያ ገንዘብ የሕፃናት ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ፤ ዛሬ ዓለም የሚማርበት አሠራር የወጣው ከዚያ ነው። የኛ ደጋ ደግሞ ጠጠር፣ ባቄላ፣ የገብስ አገዳ፣ የበግ ጠጉር፣ ከአሮጌ ክዳን የወረደ ሣር፣ ቆርኪ አያጣም። ስድሳውን ልጅ በአንድ ጊዜ ማጫወት አይቻልም፤ መክፈል ነው። አንዱ ቡድን ከመምህሯ ጋር ፊደል ሲይዝ ሌላው ጠጠር ይደረድራል፣ ሌላው ይገምዳል፣ ሌላው ከፍ ካለ ክፍል ከመጣ ተማሪ ጋር ይጫወታል። ትልቁ ልጅ ትንሹን የሚያግዝበት ይህ አሠራር በአገሪቱ ፕሮግራም ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ከእርስዎ ቤት አሠራር ጋር ስለሚመሳሰልም ለማንም እንግዳ አይደለም። ጭቃው ፀሐይ ሲበረታ ይጠብቃል፤ ጠዋት የጠጉርና የባቄላ ጊዜ ነው። መዘጋቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ ጨዋታ ሰላምን አይተካም፤ ትምህርት ቤት መከፈት አለበት። እስኪከፈት ግን መጽሐፍና ሰሌዳ ብቻ የሚያውቅ ትምህርት ከበሩ ጋር ይዘጋል፤ በባቄላና በጠጠር የሚሄደው በማንም ግቢ፣ በእርስዎም ደጅ ሊቀጥል ይችላል።

የኔታ፦ በኔ ደጅ ጠጠር አልከለክልም። አንድ ነገር ግን አልለቅም፤ የሚነገረው በጊዜው ይነገር። ጨዋታው ጥሟችሁ ፊደሉን ወደ ነገ፣ ነገን ወደ ከነገ ወዲያ እንዳትገፉት እፈራለሁ። አንቺ ትጠነቀቂ ይሆናል፤ ያልሠለጠነችው ግን «ልጁ ይምራ» የሚለውን ይዛ በር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች።

መምህርቷ፦ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፤ ይህን የሚያስቀር ዘዴ አለ ብዬ ልዋሽዎ አልችልም። ይህ ማስተማር ከማስደገም ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ለማስደገም ሰሌዳና ድምፅ ይበቃሉ። ለዚህኛው ግን መምህሯ የትኛው ነገር እንደሚነገር፣ የትኛው እንደሚገኝ ማወቅ፣ ሲቸገሩ ዝም ማለት፣ ሲደርሱበት ስሙን መስጠት አለባት። የ2015ቱ የትምህርት ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃን ትምህርት ሁለት ዓመት አድርጎታል። ዓመቱ ሲጨመር መምህሯ ካልሠለጠነች የምንጨምረው ሌላ ዓመት ጩኸት ወይም እርስዎ እንዳሉት ሌላ ዓመት ፀሐይ መሞቅ ነው። ገንዘብ ካለ ከመጫወቻው በፊት በእሷ ሥልጠናና ደመወዝ ላይ ይዋል።

የኔታ፦ እንግዲያው በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹን አምጪልኝና ልፈትናቸው። አቡጊዳውን አፍርሼ፣ ከመሐል እየጠቆምኩ እጠይቃለሁ።

መምህርቷ፦ አመጣቸዋለሁ። ግን ፈተናው ሁለት ይሁን። ፊደሉን ከጠየቁ በኋላ ሃያ ሁለት ባቄላ ይስጧቸውና ለአራት ያካፍሉ፤ ሲጨርሱም እንዴት እንዳደረጉት ይንገሩዎት። አንዱን አልፈው ሌላውን ከወደቁ፣ የወደቅሁት እኔ ነኝ።